ልጇን ያላስቀመጠችው ጎሪላ

ልጄ ሞቶ ሲወለድ እኔ ገና ከሰመመን አልነቃሁም ነበር። ዓይኔን ስገልጥ የባለቤቴ እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግሬን ያሹኛል።

«ወንድ ነበር» አሉኝ። «ባታዪው ይሻልሻል ብለን አባባ ወስደው ቀበሩት።»

አባባ የሚሏቸው ባላቸውን፣ የባለቤቴን አባት ነው።

ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ፍትሐት የለም። ድንኳን አልተተከለም፤ ለቅሶ ደራሽም አልመጣም። የጉለሌ ጎረቤቶቼ በር ላይ ሲያገኙኝ «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ብለውኝ ያልፋሉ። እኔ ሌላ አልፈለግሁም። ጡቴ ግን ወተት ያዘ፤ በሻሽ ጠፍሬ አስሬው እውል ነበር።

ከወራት በኋላ ኡጋንዳ የሚሠራው የባለቤቴ ወንድም ጋበዘን። ጎሪላ ያለበት ጫካ እንደሚወስደን ነገረን። ባለቤቴ «ትንሽ አየር ለውጪ፤ እንዲህ ቤት ተዘግተሽ ታልቂያለሽ» አለኝ። እምቢ የምልበት ጉልበት እንኳ ስላልነበረኝ ሄድኩ።

እዚያ በደረስን ማግስት ጠዋት በጭጋግ የጫካውን ተራራ መውጣት ጀመርን። አስጎብኚው ሐረጉን በገጀራ እየቆረጠ ይመራል፤ እኛ በጭቃው እየተንሸራተትን እንከተላለን። ሳማው ሱሪዬን አልፎ ለበለበኝ። የእንጦጦን ዳገት እየወጣሁ ስላደግሁ መንገዱ አልከበደኝም። እንዲያውም ቀለለኝ፤ ሁሉም ትንፋሽ ስላጠረው የሚያጽናናኝ ሰው አልነበረም።

ቀትር ላይ አስጎብኚው እጁን አነሳና ቆምን። ጀርባው የሸበተ ትልቅ ወንድ ጎሪላ ቅጠል እየሸመጠጠ ይበላል። ግልገሎቹ አጠገቡ ይላፋሉ። ከእነሱ ራቅ ብላ አንዲት እናት ጎሪላ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። የልጁ ጭንቅላት ወደ ኋላ ወድቋል፤ ዝንብ ወሮታል።

አስጎብኚው ለባለቤቴ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረው።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ንገረኝ።»

«ከሞተ ሰንብቷል አለኝ። አታስቀምጠውም። የሚቀማትም የለም።»

ተነስታ ስትሄድ የልጁ እግር ቅጠሉ ላይ ተጎተተ። ቆም አለችና አስተካክላ አቀፈችው። ባለቤቴ እጄን ሊይዘኝ ሲል ሸሸሁት። ልጅ አቅፋ የምትሄድ እናት ባየሁ ቁጥር እቀና ነበር፤ በማንም ግን እንደዚያች እንስሳ ቀንቼ አላውቅም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ «የት ነው የቀበራችሁት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አላውቅም። አባባ ናቸው የሚያውቁት። እኔ መሄድ አቃተኝ።»

አዲስ አበባ እንደተመለስን ቦታውን እንዲያሳዩን አባባን ለመንኳቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ባሕር ዛፍ የበዛበት ተዳፋት ላይ ወሰዱን። በከዘራቸው አንድ ቦታ አሳዩን። ጥቂት ራመድ አሉና ሌላ ቦታ አሳዩን። ከዚያ ከዘራውን መሬት ላይ ተከሉት።

«ክረምቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አፈሩን አጥቦት ሄዷል። እኔም ምልክት አላደረግኩበትም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ሣሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። የቱ ጋ እንደምንበረከክ ስላላወቅሁ ቆሜ ቀረሁ። ዝናብ ሲጀምር ባለቤቴ «እንሂድ» አለኝ፤ ተከተልኩት።