የተሳለው በሬ
ደብረ ማርቆስ ላይ ተማሪዎች የሠሯቸውን አጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞች እንድዳኝ ተጠርቼ፣ ጥርሳቸውን ሊታከሙ ከአምበር የመጡትን ገበሬ አባቴን ይዣቸው ወደ አዳራሹ ገባሁ።

እኔ እንከን ፍለጋ አይደክመኝም። አንዱ ፊልም ገበሬ በሁለት በሬዎች ሲያርስ ያሳያል። ሰማዩ ከልክ በላይ ሰማያዊ ነው፤ የገበሬው እግር መሬቱን አይረግጥም፣ ይንሳፈፋል። አፉን ይከፍታል፣ ቃል ግን አይወጣውም። «ድምፅ የለውም» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በሬዎቹ የማሳው ጫፍ ሲደርሱ የግራው እንደ ደከመው ሁሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። የገበሬው አፍ ተከፈተ።

«ተመለስ!» ብለው ጮኹ አባቴ አጠገቤ እንደ ተቀመጡ፤ አርባ ዓመት ባረሱበት ድምፅ።

በሬው ተመለሰ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አባቴ አፍረው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሬ ጋር የኖሩ ሰው የተሳለ በሬ አዘዙ።

«ይህን የሳለው ልጅ በሬ ጠምዶ ያውቃል» አሉኝ ቀስ ብለው።

ወረቀቴን አየሁት። ስለ ሰማዩና ስለ እግሩ የጻፍኩትን አልነካሁትም። «ድምፅ የለውም» የሚለውን ግን ሰረዝኩት።