ለዮሴፍ ያልነገርሁት ጾም

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ

ከወለቃ የተነሣነው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። እኔ ማረሻ ቀጥቃጭ ነኝ። ፊደል የለየሁት በስተርጅና፣ ከልጆች ኋላ ተቀምጬ ነውና ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ። አብሮኝ ያለው ዮሴፍ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከኢየሩሳሌም መጥቶ ለልጆቻችን ዕብራይስጥ ያስተምራል። የምንሄደው አምቦበር፣ ለስግድ ነው። ስግድ የኛ የቤተ እስራኤል በዓል ነው፤ ተራራ ወጥተን፣ ኦሪት ተነቦልን፣ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረን እንሰግዳለን።

ይህ በዓል በዮሴፍ አገር የለም። መጀመሪያ የሰማ ጊዜ፣ "አያ፣ ከየት አመጣችሁት?" አለኝ።

"እናንተ የት ጣላችሁት?" አልሁት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ቀን ሲቆጥር ከረመ።

ጎንደር ገበያ ዳር ጨው የጫነች ማኪና አገኘን። እስከ ጠዳ ለሁለታችን አንድ ብር።

"ምነው አያ፣ ፈረንጁ ምንህ ነው?" አለ ሾፌሩ።

"ወንድሜ ነው።"

መሪውን ለቆ ሳቀ። "አንተ ከሰል፣ እሱ ወተት! እናታችሁ ምን በልታ ነው?"

"በአባት ነው የምንገናኝ። አብርሃም ይባላል" አልሁት።

ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ

ከጠዳ በእግር ነው። አቧራ፣ የታጨደ ጤፍ፣ ክምር የሚከምሩ ሰዎች። ከአምቦበር በታች ወንዝ አለ። ከወገናችን ውጭ ካለ ሰው ጋር ተነካክቶ የዋለ ሳይታጠብ ወደኛ መንደር አይገባም፤ ሕጋችን ነው። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ዮሴፍ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ "በአገሬ ሙቅ ውሃ አለ" ይላል።

"በአገርህ ስግድ የለም" አልሁት። ሁለተኛ ጠለቀ።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ሰዉ ነጭ ለብሶ ሜዳውን ሞልቶታል። ቄሶቻችን ጥላ ይዘዋል፣ ከበሮ ይመታል። ተራራውን የምንወጣው ድንጋይ ተሸክመን ነው፤ በፈጣሪ ፊት ዝቅ ማለታችን ነው። እኔ ድንጋይ ስመርጥ አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ "ኧረ ጉድ! መምህሩ በጾም ይቆረጥማል!" አለች።

ዞር ብል ዮሴፍ ሚስቴ ለመንገድ የቋጠረችለትን ቆሎ እያሻመደ ነው።

"ጾም ነው እንዴ?" አለኝ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

አልነገርሁትም። ውሃ ያረጥባል ብሎ የሚነግር አለ? ሦስት ወር ቀን ሲቆጥር የከረመ ሰው ስግድ ጾም መሆኑን አያውቅም ብዬ አላሰብሁም።

ትልቁ ቄስ መጡ። "የበላ ሰው ተራራ አይወጣም፤ እዚሁ ይጠብቀን" አሉ። ዮሴፍ የያዘውን ድንጋይ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

"አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልሁ። "እሱ ከቀረ እኔም እቀራለሁ።"

"አንተ? ጣሊያን ከወጣ ወዲህ አንድ ዓመት ያልቀረህ?"

"ዛሬ እቀራለሁ።" ድንጋዬን አውርጄ ቁጭ አልሁበት።

ቄሱ፣ "ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ብረት ሆነ" አሉ። ቀጥለው፣ "ይውጣ። ነገር ግን እኛ ወርደን ጾሙን ስንፈታ እሱ ኮከብ እስኪወጣ ይጹም።"

"እኔም።"

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

ወጣን። ዮሴፍ የመረጠውን ድንጋይ እኔ በጉልምስናዬም አልደፍረውም። ላይ ደርሰን ኦሪቱ በግእዝ ሲነበብ፣ ሰዉ ወደ ሰሜን ዞሮ ሲወድቅ፣ አብሮ ወደቀ። ሲነሣ ግንባሩ አፈር፣ ዐይኑ ውሃ ነው።

"የእናቴ ቤት በዚያ በኩል ነው" አለኝ።

"የሁላችንም ቤት ነው" አልሁት።

ከወረድን በኋላ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፣ እስክስታው ቀለጠ። እኛ ሁለታችን ዳቦአችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እናያለን።

"አያ፣ አንተ እንኳ ብላ እንጂ! ጠላው ሊሆመጥጥ ነው!" አለችኝ ያችው ሴት።

"ይሆምጥጥ።"

የመጀመሪያዋን ኮከብ ያያት ዮሴፍ ነው። ዳቦውን ቆርሶ መጀመሪያ ለኔ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ሸጋ ዳቦ በዕድሜዬ አልበላሁም።

ዓርብ

ከጠዳ ያችው ማኪና ወሰደችን። ሾፌሩ ገና ሳንቀመጥ፣ "እህሳ፣ ፈረንጅ ወንድምህ እንዴት ሰነበተ?" አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ዮሴፍ በአማርኛ መለሰለት። "ተሳስቼ ጾም ገደፍሁ። ታላቄ ከኔ ጋር እስከ ማታ ጾመ።"

ሾፌሩ እሱን አየው፤ እኔን አየኝ። በዚህ ጊዜ መሪውን አልለቀቀም። ጎንደር ስንደርስ ብሩን ብዘረጋለት፣ "ተወው፣ ለወንድምህ እህል ግዛለት" አለኝ።

ወለቃ ሰንበት ሳትገባ ደረስን።