በልኬት ደብተር የተጻፈው ቁጥር

ጎረቤቴ ሕመሟን ደብቃ አልሞተችም። የጤና ጣቢያው መዝገብ ግን «ታማሚዋ ሁኔታዋን ደብቃለች» ይላል። የሞተ ሰው ተነሥቶ አይከራከርም፤ ስለዚህ እኔ ተከራከርኩላት።

አፍንጮ በር፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ የጭቃ ግድግዳ ለይቶን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረናል። የወሎ ሴት ናት፣ ልብስ ሰፊ። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም አግብታ ደሴ ከሄደች በኋላ ብቻዋን ቀረች። ኮሮና ሲይዛት ሆስፒታሎቹ አልጋ ስላልነበራቸው ቤቷ ሆና እንድትታከም ተባለ። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት የሚይዝ፣ ደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ሰጧት። «ጠዋትና ማታ ይለኩ። በየቀኑ እየደወልን ቁጥሩን እንጠይቅዎታለን። ከዘጠና ከወረደ አምቡላንስ እንልካለን» አሏት። እኛን ደግሞ ማንም እንዳይገባ አሉን። ምግቧን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን አንኳኩቼ እመለስ ነበር።

ጆሮዋ ትንሽ ስለሚከብዳት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው። ሁሉም በግድግዳው ይሰማኛል።

«እንዴት አደሩ እናቴ?» ትላታለች ከጤና ጣቢያ የምትደውለው ነርስ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ? ቤተሰብስ?»

«ደህና ነን። እጅዎን ይታጠቡ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ እሺ?»

«እሺ የኔ ልጅ። አላህ ይስጥሽ።»

ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ እኔ ግድግዳውን መታ መታ አድርጌ እንዴት እንዳደረች እጠይቃታለሁ። ለእኔም መልሱ ያው ነው። «ደህና ነኝ፣ እንዳትገቢ» ትለኛለች፣ ሳሉ እየቆራረጣት። እንዲህ ነው ያደግነው። ለሰላምታ መጀመሪያ ፈጣሪ ይመሰገናል፤ ሕመሙ የሚወራው ጠያቂው ቁጭ ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ሲጠይቅ ነው። በስልክ ማን ቁጭ ይላል?

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላነሳችውም። ክልከላውን ትቼ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትንፋሽ አጥሯታል። ጭኗ ላይ የደንበኞቿን ወገብና ትከሻ የምትጽፍበት የልኬት ደብተር ተዘርግቷል። አንዱ ገጽ ላይ የራሷን ስም ጽፋ ከሥሩ በእርሳስ ቁጥር ደርድራለች። የመጀመሪያው ዘጠና አራት ነው። እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ሰማንያ ሁለት ላይ ቆሟል።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ዛሬ ይጠይቁኛል... ዛሬ ይጠይቁኛል እያልኩ። ደብተሩን ይዤ ነው የምጠብቃት። ሥራ የበዛባት ልጅ ናት፣ ላቋርጣት አፈርኩ።»

ለአምቡላንስ ስደውል በመጀመሪያ የመጣልኝ እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚለው የተቀዳ ድምፅ ነው። እስኪጨርስ ጠበቅኩ፣ ምን ላድርግ። አምቡላንሱ ሲደርስ ሞታ ነበር። በዚያው ቀን ቀበሯት፤ ሬሳዋን ያጀቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እሷ ጋ በመግባቴ ቤት ተዘግቶብኝ የቆየሁበት ጊዜ ሲያልቅ መሣሪያውን ልመልስ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ ሲፈርም ያንን ቃል በዓይኔ አየሁት። የመሠረተ ትምህርት ንባብ ነው ያለኝ፤ «ደብቃለች» የሚለውን ለማንበብ ግን ይበቃል።

አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ ሌላ ቀን ፋይሉ ተዘግቷል። ዘበኛው ሁልጊዜ ሽጉጥ የሚመስለውን የሙቀት መለኪያ ግንባሬ ላይ ይደግንብኛል።

«እማማ፣ ዛሬም መጡ?»

«መጣሁ። ለካኝ፤ ንዴቴንም አብረህ ለካው።»

በአራተኛው ጊዜ የልኬት ደብተሩን ይዤ ኃላፊው ፊት ተቀመጥኩ። ነርሷን አስጠራት። ገና ልጅ ናት፤ ማስኩ ጉንጯን አቁስሎታል።

«በቀን ለስንት ሰው እንደምደውል ያውቃሉ እማማ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ስትለኝ ደህና ብዬ ጻፍኩ።»

«ብዙ ነው ልጄ፣ ገብቶኛል። ደክሞሻል። ታዲያ ድካምሽን ለምን በእሷ ላይ ጻፍሽው?»

ኃላፊው ደብተሩን አገላበጠ፤ ከወገብና ከትከሻው መካከል ያችን ገጽ አገኛት።

«እኔም በግድግዳ ስጠይቃት ኖሬ ስለ ቁጥሩ አንስቼላት አላውቅም» አልኩት። «ከፈለግህ የእኔንም ጨምርበት። ጎረቤቷም አልጠየቀቻትም ብለህ ጻፍ። ደብቃለች ግን አትበል።»

«የተጻፈ አይሰረዝም እማማ» አለኝ። ተነሥቼ ልጮህበት ስል እጁን አነሣ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ በጠባቡ ኅዳግ ላይ ጻፈ፤ መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ፦

«ታማሚዋ ቁጥሯን በየቀኑ መዝግባለች። የጠየቃት የለም።»