እንቅልፉ የተሳለበት ሰው

የእህቴ ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ ያነጋና ጠዋት ቤት ሲገባ፣ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያወልቅ ሳሎን ሶፋ ላይ ወድቆ ያንኮራፋል። መኝታ ቤት አለው፤ እዚያ ድረስ ግን አይደርስም። እኔ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን ተክዬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ሲሠራ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እሱ ንቅንቅ አይልም። ቤቱ ቢቃጠል ከነሶፋው ተሸክመን ነው የምናወጣው።

ልጁ ሥዕል ትማራለች። ኮሌጅ ለመግባት ፖርትፎሊዮ ማቅረብ ነበረባት፤ በአንድ ጭብጥ የተያያዙ፣ የየትኛው ሰዓሊ ተጽዕኖ እንዳለባቸውም የሚያሳዩ ሥዕሎች። ካላለፈች አባቷ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሊያስቀጥራት ተነጋግሮ ጨርሷል። ይህን ስታስብ እህል አይወርድላትም ነበር።

አስተማሪዋ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ላም ብቻ ሲስል የኖረ ሰዓሊ ሥራዎችን አሳያት። ላሟ ቆማ፣ ላሟ ተኝታ፣ ላሟ አርጅታ። ልጅቷ ነፍሷ እስኪወጣ ወደደችው። በየቀኑ የማገኘው፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ምን አለ ብላ ቤቱን ስትቃኝ ዓይኗ አባቷ ላይ አረፈ። ጭብጧ እንቅልፍ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ትስለው ጀመር፤ አፉ ተከፍቶ፣ እግሩ ከሶፋው ተርፎ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ነገሩ የተበላሸው መዝጊያ የሚሆን አንድ ሥዕል ብቻ ሲቀራት ነው። አስተማሪዋ ሥራውን ሊያይ ቤት ድረስ መጣና የአማቼን እጅ ጨበጠ።

"በአካል ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል" አለው። "አፍዎን ገጥመው አይቼዎት አላውቅም።"

አማቼ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየ።

"ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?"

"አዎ አባዬ። እንደ ላሟ ሰዓሊ ማለት ነው።"

"እንግዲያው ላሟ እኔ ነኛ።"

"በጭብጥ ደረጃ፣ አዎ" አለ አስተማሪው፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ጥሎት ጠፋ። ፀጉሩን አበጥሮ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ይጋደማል። "ይሄ እንቅልፍ አይደለም፣ ፎቶ ነው" ትላለች ልጅቷ እርሳሷን ጥላ። እህቴ ቤቱን ተቆጣጠረች። መኪናዬን በብርድ ልብስ ሸፈነችብኝ፤ ጎረቤት ሚስማር እንዳይመታ ለመነች፤ መንገድ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን "እሽ!" ትል ጀመር። አስተማሪው በለሆሳስ ስለ ተጽዕኖ ምንነት ሊያነብለት ተቀመጠና ራሱ ተኛ።

"እሱን ልሳለው?" አለች ልጅቷ።

"ከጭብጥሽ ያወጣሻል" አለች እህቴ።

በማስረከቢያው ዋዜማ ጠዋት አማቼ ከሶፋው ተነሥቶ ተቀመጠ። ዓይኑ ደም መስሏል።

"ልጄ፣ አልሆነልኝም። እንቅልፍ በልመና አይመጣም።"

አሳዘነኝ። ልጅቷንም አሳዘናት መሰለኝ፣ ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠች። "በቃ ነቅተህ ልሳልህ። ዝም ብለህ እየኝ።"

አፍንጫውን፣ ከንፈሩን፣ አገጩን ቀና ሳትል ሳለች፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ዓይኑ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"አባዬ፣ ዓይንህን አላውቀውም።"

"እኔም ስታድጊ አላየሁሽም" አላት። "ስተኛ አጠገቤ ነሽ፣ ስነቃ የለሽም።"

እሷ አንዱን ዓይን ቀስ ብላ፣ እያየችው ጨረሰች። እሱም አያት። ይሄኔ አንድ ደንበኛዬ ሱሪውን ሊወስድ በር ላይ ተገተረ። የቀረችው አንዲት ጠርዝ ናት ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አማቼ የመኪናውን ድምፅ እንደሰማ አንገቱ ዘንበል አለና ማንኮራፋት ጀመረ። ለካ ያ ሁሉ ቀን የጠፋው እንቅልፍ እኔ መኪና ውስጥ ነበር።

ልጅቷ "አጎቴ" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥዕሉን በአንድ ዓይን አስረከበች። ፈታኞቹ "ሁለተኛው ዓይንስ?" ሲሏት "ተኝቷል" አለች። አሳለፏት።

አሁን አማቼ ጠዋት ሲገባ ሶፋው ላይ አይወድቅም። ፊት ለፊቷ ቀጥ ብሎ ይቀመጥና "ሁለተኛውን ጨርሺልኝ" ይላታል።

"አልፌያለሁ እኮ አባዬ።"

"እነሱ አሳለፉሽ እንጂ እኔ ገና ነኝ።"

እሱ ተነሥቶ መኝታ ቤት እስኪገባ መኪናዬን አልነካም። እሷም ትስለዋለች፤ ያ ዓይን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ትናንት አባቷ እንደተኛ ላጲስ አንሥታ የሳለችውን ስታጠፋ አየኋት።

"ምን ነካሽ?" አልኳት።

"ቀስ በል አጎቴ" አለች። "ካለቀ ነገ አይቀመጥም።"