የጋሽ ሃብቶም መርከብ

ዛሬ ኬለሬን፣ ያቺን የምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫዬን ሳጸዳ፣ እርሳስ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

(የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሀውስማይስተሩ፣ በደብዳቤ ባያስፈራራኝ መች አጸዳው ነበር!)

ያገኘሁት የጋሽ ሃብቶምን መጽሐፍ ነው። በዘጠናዎቹ ፍራንክፈርት፣ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን አብረን እንሠራ ነበር። የምጽዋ ሰው፣ የድሮው ባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ።

መጽሐፉ ስለ አንዲት የእንግሊዝ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ነው፤ ከፍሎማርክት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት። ጀርመንኛው ስለሚከብዳቸው በፓውዘ፣ በእረፍት ሰዓት እኔን ያስነብቡኝ ነበር፤ የት ተሠራች፣ የትኛውን ባሕር ጠረገች።

«መጨረሻዋን ድገምልኝ» ይሉኛል። መጨረሻዋ ተሽጣ፣ አንድ ወደብ ላይ ተፈታታ ቁርጥራጭ መሆን ነው።

«ጋሼ፣ የእንግሊዝ ቁርጥራጭ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለብረት እንኳ የት እንዳለቀ ጻፉለት» አሉኝ።

በኋላ ሥራ ለቀው፣ መጽሐፉን እኔው ጋ ትተው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። አንድ ሁለቴ ደወሉ፤ ከዚያ ስልካቸው ጠፋ። እኔም አልፈለግኋቸውም።

ዛሬ የኋላ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ የጻፉትን አየሁ፤ ልክ እንደ መርከቧ ታሪክ።

«ምጽዋ ተወለደ። ባሕር ኃይል አገለገለ። ፍራንክፈርት፣ ኦስትሃፈን ሠራ።»

ከሥሩ «መጨረሻ፦» ብለው ባዶ ትተውታል።

ልሞላላቸው እርሳስ አነሳሁ። የምጽፈው የለኝም።

እናንተስ፣ መጨረሻውን ሳትጠይቁ የቀራችሁት ሰው አለ? እስኪ ስሙን እንኳ እዚህ ጻፉለት።