ወንድሜ «ራበኝ» ያለ ዕለት

ዛሬ ጧት ትንሹ ወንድሜ «ራበኝ» አለ። በሌላ ቤት ይህ ወሬ አይሆንም። እኔን ግን ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ደብተሬን ገለጥኩ።

ከእርሱ በላይ የነበረችው እኅታችን ጡት በጣለች በመንፈቋ ምግብ እንቢ እንዳለች አረፈች። ስለዚህ እርሱ ጡት የሚጥልበት ተራ ሲደርስ እናቴ ፈራች። እኔ እግሩን እይዛለሁ፤ እርሷ አፍንጫውን ይዛ ወተትና የአብሽ ውኃ በዋንጫ ትግተዋለች። ግማሹ ይመለሳል። ውሎ አድሮ ዋንጫ ባየ ቁጥር ከጎታው ኋላ የሚሸሸግ ሆነ። ክንዱ ቀጠነ፣ ሆዱ ተነፋ።

«ዓይን ነው» አለች እናቴ። ጎረቤታችንን ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ ስለሚሏቸው፣ እንዳያዩት በነጠላ እየከለልን እንግተው ጀመር።

ባለፈው ክረምት ውኃው ሜዳውን በሞላበት ሰሞን ልጁ ጠፋኝ። ጎርፉን እያሰብኩ ስሮጥ ሸክላ ሠሪዋ ጓሮ አገኘሁት። ከልጆቻቸው ጋር ገበታ ከቦ የሽምብራ ንፍሮ በገዛ እጁ ይለቅማል።

«እትዬ፣ ምን ብለው አበሉት?»

«እኔ መች አበላሁት። ሲሻሙ አየ፤ ተሻማ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ አትቀመጭም? ወይስ እንዳልበላሽ ፈራሽ?»

አፍሬ ተቀመጥኩ። ንፍሮው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ቢሆንም በላሁ።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ሦስት ቀን ሙሉ ይታመማል ብላ በዓይኗ ስትከተለው ዋለች። አልታመመም። በአራተኛው ቀን ዋንጫውን ቆጥ ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ወዲህ አንግተውም። ወተቱም ሁሉ ለቅቤ አይናጥም፤ የእርሱ ድርሻ ይቀራል። ከእኛ ጋር ይቀመጣል፤ ትንሽ ትንሽ እናቀርብለታለን፤ በቃኝ ካለ በቃው ነው። ብዙ ቀን ሳይቀምስ ተነሥቷል። ያን ጊዜ እናቴ እኅታችንን እያሰበች መሆኑን አውቃለሁ፤ እጇ እንዳይቀድማት ከጉልበቷ ሥር ትይዘዋለች። ዛሬ ግን ማንም ሳይጠይቀው «ራበኝ» አለ። እናቴ ጀርባዋን አዙራ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ እንጀራውን አቀረበችለትና ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ወደ ወረታ ገበያ የምትመጡ፣ ምግብ እንቢ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ ይዛችሁት ወደ ቤታችን ጎራ በሉ። ከወንድሜና ከሸክላ ሠሪዋ ልጆች ጋር ይሻማ። እናንተም ከእናቴ አጠገብ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡ።