ምላስ ይጾማል፣ ወረፋ አይጾምም

ትናንት ከአስር ሰላት በኋላ የልጅ ልጄ ሰሚራ ከቦኖው ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። ከአረብ አገር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው።

«አንዷ ሴትዮ ቀደመችኝ፣ ሌሎቹም እሷን ተከተሉ። ጾመኛ ነኝ ብዬ ተውኩት፣ እማማ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ነይ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ምላሴ በመካነ ሰላም የታወቀ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዷን አንድም ቀን ሳልጣላ አልዋልኩም። አባቴ አንድ ጠዋት ጠራኝና፣ «ጾም አለመብላት ብቻ ከሆነ ታስራ የዋለች በቅሎም ጾማለች። ምላስም ይጾማል። ሰው ቢሰድብሽ ‹ጾመኛ ነኝ› በይ» አለኝ። ለዛሬ እንኳ ብዬ ቃል ገባሁለት።

በጋው ከርሮ ምንጩ እንደ ክር ቀጥኗል። ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን እንስራ ነበር፤ እንስራችንን ደርድረን እኛ ጥላ ሥር እንቀመጣለን። ቤታችን ጠብታ ውሃ የለም። አባቴ ደግሞ ፀሐይ ከገባች ማፍጠር አይዘገይም ባይ ነው፤ ሱናው መቸኮል ነው ይላል።

የዚያን ዕለት ወደ ማታ ተራዬ ሲደርስ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት እትዬ ከድጃ እንስራዬን ገፋ አደረጉና የራሳቸውን አስቀመጡ።

«ጾመኛ ነኝ» አልኩና እንስራዬን ወደ ቦታው መለስኩ።

«እኔስ በልቼ የመጣሁ መሰለሽ?» ሴቶቹ ሳቁ።

ገፉት፤ መለስኩት።

«የማናት ይቺ ግትር? እናትሽ ሥርዓት አላስተማረችሽም?»

መልሱ አፌ ውስጥ ተደርድሯል። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ አልጽፈውም እንጂ። «ጾመኛ ነኝ» ብዬ እንደገና መለስኩት።

ከኋላዬ የነበሩት ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ታግሰው ታግሰው አልሆነላቸውም። «ወላሂ ከድጃ፣ ልጅቱ የጾመችው ስድብን ነው እንጂ ወረፋዋን አይደለም!»

ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ከድጃ እንስራቸውን ይዘው ወደ መጨረሻው ሄዱ።

እንስራዬን ሞልቼ ልነሳ ስል አዛን ተሰማ። በመጠጫ ቅሌ ሦስት ጊዜ ተጎነጨሁ። ጾመኞቹ ሁሉ ምንጩን ከበው ሲጠጡ እትዬ ከድጃ ብቻ አፍረው አልቀረቡም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ዳር ቆመዋል። ቅሌን ሞልቼ ወሰድኩላቸው።

«አሁን ምላስሽ ተፈታ?» አሉኝ።

«ጾሜን ፈታሁ። ይጠጡ፤ ወረፋዬን እንጂ ውሃዬን አልከለከልኩም።»

ጠጡና፣ «አላህ ያሳድግሽ፣ አንቺ ግትር!» ብለው መረቁኝ።

ቤት ስደርስ ጨልሟል። አባቴ ቆሎ ቆርጥሞ አፍጥሮ፣ ጉሮሮው ደርቆ ይጠብቀኛል። ይቆጣል ብዬ እየፈራሁ የሆነውን ነገርኩት። ውሃውን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ «ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ አለው። ዛሬ ሁለት ጾም ጾምሽ» አለኝ።

ለሰሚራ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እኔን ሰውን መግፋትም መገፋትም ጾም ነው ብሎ ያስተማረኝ የለም። ገፊውን ማጠጣት ግን ከአባቴ ቤት ተምሬአለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር።

ዛሬ ከአስር በኋላ ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ የረሳችው ነገር እንዳለ ሁሉ ተመለሰችና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ኩባያ ወሰደች።